የሌስሊ አረንጓዴ ዴንሊ

ለተከበራችሁ የዴንሊ ስፖርት መኪና ባለቤቶች ክበብ አባላት፣ ለቤተሰቦቻችሁ፣ እንዲሁም ጉዳዩ ይመለከተናል ለምትሉ ሁሉ፦ የክበቡ የዳኞች ሸንጎ ሦስት ሰዓት ተኩል ተቀምጦ፣ በጥልቀት መክሮ፣ ሁለት ኬክም ጨርሶ፣ ከመጪው የሰኔ ትርኢት ጀምሮ በበር ደፍ ላይ ያሉት ስድስት ብሎኖች አናታቸው ላይ ያለው ስንጥቅ ከመኪናው አፍንጫ ወደ ጅራቱ አቅጣጫ እንዲመለከት ወስኗል። ስንጥቁን ወደ ጎን ያዞረ አባል በእያንዳንዱ ብሎን ግማሽ ነጥብ ይቀነስበታል። ውሳኔው ይግባኝ የለውም።

ይህን ማስታወቂያ በክበቡ ጸሐፊነቴ የጻፍኩት እኔ ነኝ። በወጣ በሳምንቱ ሁለት አባላት መልቀቂያ አስገቡ። አንደኛው ብሎኖቹን ሃያ ዓመት ሙሉ ወደ ጎን አዙሮ የኖረ ሰው ነው፤ ደብዳቤውን "ድንጋጤዬን የሚገልጽ ቃል አጣሁ" ብሎ ጀምሮ አራት ገጽ ጻፈ። እኛ እንዲህ ነን። በጥቃቅኑ ስንደነግጥ ስለከረምን ዋናው ድንጋጤ ሲመጣ አቅም አጥተን ተገኘን።

ዋናው ድንጋጤ የመጣው በሌስሊ ፎደርጊል በኩል ነው።

ሌስሊ ዕድሜውን ሙሉ የአውቶቡስ መነሻ ሰዓት ሰሌዳ ሲያወጣ ኖሮ ጡረታ የወጣ፣ ካልሲውን በቀን ስም ለይቶ የሚያስቀምጥ ሰው ነው። በሕይወቱ አንድ ያልታሰበበት ነገር አድርጓል። በ1974፣ አንድ ማክሰኞ ቀን፣ ሚስቱን ግሌኒስን ሳያማክር አረንጓዴዋን ዴንሊ ሸጠ። በዚያች መኪና ነበር በተጋቡ ማግስት ወደ ዌልስ ባሕር ዳርቻ የሄዱት፤ ሳምንቱን ሙሉ ዘንቦ፣ ጣሪያው እያፈሰሰ፣ ግሌኒስ መኪናው ውስጥ ጃንጥላ ዘርግታ። ግሌኒስ እናቷን ጠይቃ ስትመለስ ደጃፉ ላይ አራት በር ያላት ቡናማ መኪና ቆማ አገኘች።

"አረንጓዴዋስ?"

"ሸጥኳት። ልጅ እየመጣ ነው እኮ። ሁለት ወንበር ላይ የት እናስቀምጠዋለን?"

ግሌኒስ አልጮኸችም። እኛ ጋ ሚስት ካልጮኸች ነገሩ ከባድ ነው ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ አርባ ዓመት ሙሉ ቤት ውስጥ የሆነ ነገር በጠፋ ቁጥር፣ መቀስም ይሁን መነጽር፣ "አረንጓዴዋ የሄደችበት ሄዶ ይሆናል" ትላለች። ከዚህ የበለጠ አትልም። ሌስሊ ግን መቀስ በጠፋ ቁጥር ፊቱ ይገረጣል።

ጡረታ በወጣ በማግስቱ የመኪናዋን ታርጋ ቁጥር በወረቀት ጽፎ ፍለጋ ወጣ። ሁለት ዓመት ፈጀበት። ሄርፎርድ አቅራቢያ፣ አንድ ገበሬ ጎተራ ውስጥ እንዳለች ሰማ። የክበቡ ደንብ ቁጥሯን ጸሐፊዋ በዓይኗ እንድታይ ስለሚያዝ አብሬ ሄድኩ። የነዳልን ተጎታች ያለው ጎረቤቱ ኔቪል ክራችሊ ነው። ኔቪል የባቡር ፉርጎ በያጅ ነበር፤ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ በቀን ከአሥር ቃል በላይ አያወጣም፤ አሥሩንም የሚጨርሰው ሌስሊን በመተንኮስ ነው።

ገበሬው የጎተራውን በር ሲከፍት ሦስታችንም ክው ብለን ቀረን። መኪና ትሆናለች ብለን የመጣንላት ነገር ድርቆሽ ለብሳ ተኝታለች። ጣሪያዋ የለም። ፓራፋንጎዋ እንደ ደረቀ ቅጠል ተበሳስቷል፤ ነካ ብታደርገው ይረግፋል። የተሳፋሪው ወንበር ላይ አንዲት ቀይ ዶሮ ተቀምጣ በንቀት ታየናለች። ሌስሊ በሩን ከፍቶ አንድ እግሩን ወደ ውስጥ አስገባ፤ እግሩ ወለሉን አልፎ መሬት ነካ። አካሉ መኪና ውስጥ፣ ጫማው ጭቃ ውስጥ እንደሆነ ዞሮ አየን።

"ይዞታዋ መጥፎ አይደለም" አለ።

"ወለሉ ትንሽ ሳስቷል" አለ ኔቪል።

"ዶሮዋ አብራ አትሸጥም" አለ ገበሬው።

ኮፈኑን አነሳን። ከሥሩ በሁለት የሪቬት ምስማር የተመታች የእጅ መዳፍ የማታህል የፋብሪካ ቁጥር ቆርቆሮ አለች። ሌስሊ በአውራ ጣቱ ጠረጋት። አራት መቶ አሥራ ሰባት። እኔ መዝገቤ ላይ ምልክት አደረግሁ፤ እሱ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ መጥረግ ጀመረ፤ ጠርጎ ጠርጎ አልጨርስ አለ። ኔቪል ወደ ዶሮዋ ዞረ።

ማታ ለግሌኒስ ነገራት፤ እሷ ራሷ ናት የነገረችኝ።

"አገኘኋት" አላት።

"ማንን?"

"አረንጓዴዋን።"

ግሌኒስ ሳህን ታጥብ ነበር። አጥባ ጨረሰች፣ እጇን አደረቀች፣ ከዚያ "እናያለን" አለች።

"አሁን አይደለም። ሠርቼ ስጨርስ ታይያታለሽ። እስከዚያ ጋራዥ አትገቢም።"

ሦስት ዓመት ሙሉ አልገባችም። ሻይ አፍልታ በሩ ሥር ታስቀምጣለች፣ አንኳኩታ ትሄዳለች። "ከበር ጋር ትዳር መሥርቻለሁ" ትለኝ ነበር። "በሩ ቢያንስ አያንኮራፋም።"

ሌስሊ ከዚህ ሁሉ ምን እንደሚፈልግ አንድ ቀን ጠየቅሁት። ጋራዥ ወለል ላይ ተንጋሎ ነበር፤ የማየው ጫማውን ብቻ ነው።

"ሁለት ቃል" አለ ከመኪናው ሥር። "አይታት 'እሷ ናት' እንድትል። ሌላ ምንም። አርባ ዓመት በመቀስ ሰበብ ስትቀጣኝ ኖራለች። ሁለት ቃል ትበለኝና ይብቃኝ።"

"ካላለችስ?"

ጫማዎቹ ተነቃነቁ። "ቁጥሯ እሷ፣ ሊብሬዋ እሷ፣ ለምን አትልም? የክበቡ ወርቅ ከተሰካላት ደግሞ ማን ይከራከራል?"

እዚህ ላይ ስለ ክበባችን ወርቅ መናገር አለብኝ። ወርቁን፣ ማለትም መኪና ላይ የሚሰካውን የአንደኝነት ሜዳሊያ፣ የሚሰጡት ሊቀመንበራችንና ዋና ዳኛችን ሚስስ ፔንሃሊጎን ናቸው። ጡረታ ሳይወጡ የጥርስ ሐኪም ነበሩ፤ ዛሬም ድረስ መኪና ሥር የሚገቡት የጥርስ መስታወታቸውን ይዘው ነው። የሚዳኙበት ደንብ ደግሞ እንዲህ ይላል፦ የተበየደና የተጣፈ ላሜራ አምስት ነጥብ ያስቀንሳል፤ በአሮጌው የፋብሪካ ቅርጽ የተመታ አዲስ ላሜራ ግን ምንም አያስቀንስም። ወደ ሰው ቋንቋ ሲመለስ፣ መኪናህ አርጅታ አሮጌ ከመሰለች ትቀጣለህ፤ ምንም ሳታረጅ አሮጌ ከሆነች ትሸለማለህ። ይህን ደንብ ስድስት ዓመት በእጄ ስገለብጥ አንድም ቀን አልከነከነኝም። የታሪክ ዲግሪ አለኝ።

ስለዚህ ሌስሊ ቆረጠ። በመጀመሪያ ወለሉን አወጣ። ከዚያ በሮቹን፣ ፓራፋንጎዎቹን፣ ኮፈኑን። ወንበሮቹን ነቅሎ በአዲስ ቆዳ ያሠራቸውን አስገባ። ከመሪው ፊት ያለው ክሩስኮት እንጨቱ ተላጦ ነበር፤ እሱም ወጣ። በሁለተኛው ዓመት ሞተሩ ተራ ደረሰው፤ ጎኑ ተሰንጥቋል ተብሎ ከኖርፎክ ሌላ መጣ። ሻንሲውም ጎማዎቹም፣ የታጠፉት ታርጋዎች ሳይቀሩ በአዲስ ተተኩ። ኔቪል ቅዳሜ ቅዳሜ ተጎታቹን አጥሩ አጠገብ አቁሞ የተጣለውን ይጭናል፤ ብረት ለሚሰበስቡት አደርስልሃለሁ ብሎታል። አንድ ቅዳሜ እኔም ነበርኩ።

"ይሄ በር ምን ሆኖ ነው?" አለ ኔቪል።

"ዝጓል።"

"እኔም ዝጌያለሁ። ማንም አውጥቶ አልጣለኝም።"

"ፈላጊ ስለጠፋ ነው።"

"ቢበየድ ይድናል እኮ።"

"ብየዳ አምስት ነጥብ ነው፣ ኔቪል።"

"አምስት ነጥብ" አለ ኔቪል፣ ሐኪም ክፉ ነገር የነገረው ይመስል። በሩን በሁለት እጁ አቅፎ ወሰደና ተጎታቹ ላይ ብርድ ልብስ አንጥፎ አስተኛው።

ለሚጣል ላሜራ ብርድ ልብስ ምን ያደርጋል ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። አልጠየቅሁም። ኔቪል ብቻውን የሚኖር ሰው ስለሆነ ብዙ ነገር ሳንጠይቀው እናልፋለን።

የሰኔው ትርኢት በመንደራችን የክሪኬት ሜዳ ላይ ነበር። ሰማዩ እንደ ወትሮው ልዝነብ አልዝነብ ይላል። አርባ አንድ ዴንሊ ተሰልፏል፤ ባለቤቶቹ በትናንሽ ማጠፊያ ወንበር ከኋላቸው ተቀምጠው በሊጥ የተጋገረ የአሳማ ሥጋ፣ ፓይ የሚሉትን፣ ይበላሉ፣ ፍርፋሪው መኪናው ላይ እንዳይወድቅ አፋቸውን ወደ ሜዳው አዙረው። የሌስሊ መኪና በነጭ አንሶላ ተሸፍናለች። ግሌኒስ ሰማያዊ ካፖርቷን ለብሳ፣ ቦርሳዋን በሁለት እጇ ይዛ አጠገቧ ቆማለች። ለቀብር ይሁን ለሠርግ እንደመጣች አታስታውቅም።

ሌስሊ አንሶላውን ገፈፈ።

መቼም እውነቱን መናገር አለብኝ፤ እንደዚያ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። አረንጓዴው ቀለም ጥልቅ ውሃ ይመስላል። ክሮም የተለበጠው ብረት ላይ ፊትህን አይተህ መላጨት ትችላለህ። አባላቱ ፓያቸውን እንደያዙ ተነስተው መጡ። ሚስስ ፔንሃሊጎን ምንጣፋቸውን ዘርግተው ሥሯ ገቡ፤ ሃያ ደቂቃ ቆዩ፤ ሲወጡ ፊታቸው በርቷል።

"ዘጠና ዘጠኝ ተኩል" አሉ። "ግማሹን የቀነስኩት የኋላ ጎማዋ ላይ ሣር ስላለ ነው።"

ሜዳው ላይ የቆመው ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ሌስሊ ጭብጨባውን አልሰማም። ግሌኒስን ያያል። እሷ መኪናዋን ቀስ ብላ ዞረች። አንዴ ዞረች፤ ደገመች። በጣቷ ጫፍ ኮፈኑን ነካች፣ ጣቷን አየች።

"እህስ?" አለ ሌስሊ።

"ቆንጆ ናት።"

"ቆንጆነቷን አውቃለሁ። እሷ ናት ወይ?"

"ቆንጆ ናት አልኩህ እኮ፣ ሌስ።"

 በዚያች ቅጽበት የሌስሊን ፊት ያየ ሰው ያገኘው ዘጠና ዘጠኝ ተኩል ሳይሆን ዜሮ ነው ይል ነበር። በዚህ መሐል ከሜዳው በር በኩል የሆነ ነገር ሲስል ተሰማ።

ድምፁ የሞተር ነው፤ ግን ሲጋራ ሲያጨስ የኖረ ሞተር። ሁላችንም ዞርን። አንዲት ዴንሊ ጭስ እየተፋች፣ እየተንቋቋች፣ በሣሩ ላይ እየተንሳፈፈች መጣች። አረንጓዴ ናት፤ አንዱ አረንጓዴ ግን ሌላውን አያውቀውም። በሯ የልዩ ልዩ ዘመን ፀሐይ ያየ፣ ፓራፋንጎዋ ከላይ እስከ ታች እንደ ጨርቅ የተጣፈ፣ የብየዳው ጠባሳ በግልጽ የሚቆጠር። መሪው ላይ ኔቪል ክራችሊ፣ በክራባት። በሕይወቴ ኔቪልን በክራባት ያየሁት በሚስቱ ቀብር ብቻ ነው።

መጥቶ ከሌስሊ መኪና አጠገብ አቆመ። ሞተሩን አጠፋ፤ ሞተሩ ለመጥፋት ትንሽ አሰበበት።

ታርጋዋን አየሁ። ከዚያ የሌስሊን አየሁ። ከዚያ እንደገና የኔቪልን። የታጠፈች፣ የተላጠች፣ ግን ፊደሉም ቁጥሩም አንድ።  ሚስስ ፔንሃሊጎን የጥርስ መስታወታቸውን ጣሉ፤ ለአርባ ዓመት ከእጃቸው ወድቆ የማያውቅ ዕቃ ነው። አንድ አባል ፓዩን አኝኮ ሳይውጥ እንደያዘ ቀረ። አርባ አንድ መኪና የቆመበት ሜዳ ላይ የሚሰማው የኔቪል ሞተር ሲቀዘቅዝ የሚያሰማው ጠቅ ጠቅ ብቻ ነበር።

ሌስሊ ወደ መኪናዋ ቀረበ። እጁን በሩ ላይ አሳረፈ፣ ወደ ፓራፋንጎው አሻገረ፣ ወደ ኮፈኑ። የጣለውን እያንዳንዱን ነገር አንድ በአንድ አወቀው።

"የኔ በር ነው ይሄ" አለ። "ኮፈኔ። ክሩስኮቴ። ወንበሮቼ። አንተ ሌባ፣ ሞተሬ ነው።"

"ጣልልኝ አልከኝ" አለ ኔቪል። "አነሳሁት።"

"ለብረት ሰብሳቢዎች አደርሳለሁ አላልክም?"

"ደረስኩ። ዝግ ነበር።"

"ሦስት ዓመት ሙሉ?"

"ቅዳሜ ቅዳሜ ነው የሄድኩት። ቅዳሜ አይከፍቱም።"

አንድ ሰው ሊስቅ ጀምሮ ተወው። ሚስስ ፔንሃሊጎን መስታወታቸውን ከሣሩ ላይ አነሱና፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ ምንጣፋቸውን ኔቪል መኪና ሥር ዘረጉ። ይሄኛው አርባ ደቂቃ ፈጀ። ሲወጡ ፀጉራቸው ላይ ቅባት ነበር፤ ፊታቸው ግን አመድ መስሏል።

"የፋብሪካው ላሜራ ነው" አሉ ቀስ ብለው። "ሁሉም። ወለሉ ላይ የፋብሪካው ሠራተኛ በጠመኔ የጻፈው ምልክት ሳይቀር አለ።" ወደ ሌስሊ ዞሩ። "ልጠይቅህና፣ ካንተዋ ውስጥ ከዋናዋ የቀረው ምንድን ነው?"

ሌስሊ አሰበ። የሰዓት ሰሌዳ ሲያወጣ የኖረ ሰው ስለሆነ አይዋሽም።

"የቁጥሯ ቆርቆሮ። ሊብሬዋ።" በጣቱ ቆጠረ። "ጡሩምባዋ።"

"ሌላስ?"

"ጡሩምባዋን ጠግኛታለሁ።"

እዚህ ላይ የሆነውን ቃለ ጉባኤ ላይ አልጻፍኩም፤ አሁን ግን እናገራለሁ። ሜዳው ላይ የነበሩት አርባ ባለቤቶች አንድ በአንድ ዞረው የየራሳቸውን መኪና አዩ። አዲስ ላሜራ ያላስገባ በመካከላቸው አልነበረም። ኔቪል ልክ ከሆነ እነሱ ሃያና ሠላሳ ዓመት ሲያሹ፣ ሲያብሱ፣ ሌሊት ተነስተው በመስኮት ሲያዩት የኖሩት ነገር ምን ሊባል ነው? ጭንቀቱ ከፊታቸው ይነበባል። ደቂቃ ሳይሞላ ሁሉም ሚስስ ፔንሃሊጎንን ከበቡ።

"ይሄ ክምር ብረት ነው" አለ አንዱ።

"መኪና ማለት ሊብሬ ነው" አለ ሌላው። "ሊብሬ የሌለው መኪና ስም የሌለው ሰው ነው።"

"ደግሞም ይሸታል።"

"የኔዋን ወለል የቀየርኩት ለሚስቴ ደኅንነት ነው" አለ ማንም ያልጠየቀው ሦስተኛ ሰው።

ሚስስ ፔንሃሊጎን ወደ ሻይ ድንኳኑ ገቡ፤ እኔ መዝገቡን ይዤ ተከተልኳቸው። ሻያቸው ላይ ወተት ጨመሩ፤ ሳይጠጡት ቀዘቀዘ።  የራሳቸው ዴንሊ ድንኳኑ በር ላይ ቆማለች፤ ሁለት ጊዜ ወርቅ ያገኘች ናት። አንዴ አዩአትና ፊታቸውን መለሱ። ከዚያ ተነስተው ወጡ።

"ውሳኔዬን ስሙ" አሉ በዚያ ታካሚን አፍ ክፈት በሚሉበት ድምፅ። "አራት መቶ አሥራ ሰባት ማለት የቁጥር ቆርቆሮዋና ሊብሬዋ ያሉበት ናት። የሌስሊ መኪና መዝገባችን ላይ እንዳለች ትቀጥላለች፤ ወርቁም የእሷ ነው። ሌላኛው በመኪና ቅርጽ የተደረደረ ብረታ ብረት ነው፤ ታርጋውን ዛሬውኑ ያውልቅ።"

ጭብጨባው ከመጀመሪያው ይበልጣል። ሰዎች ሌስሊን ትከሻውን መታ መታ ያደርጋሉ፤ ያዳናቸው ይመስል። ኔቪል ከኪሱ ካቻቢቴ አወጣ። አልተከራከረም። አሥሩን ቃል ጨርሷል መሰለኝ።

ታርጋውን ሊፈታ ሲያጎነብስ ግን ቀና ብሎ ቀረ። እኛም ዓይኑን ተከትለን አየን።

ግሌኒስ መኪናው ውስጥ ገብታለች።

መቼ እንደገባች ማንም አላየም። በተሳፋሪው ወንበር፣ በዚያ ዶሮ በኖረበት በተሰነጠቀ ቆዳ ላይ፣ ካፖርቷን ሰብሰብ አድርጋ ተቀምጣለች። በሩ ክፍት ነው። ሳታይ እጇን ልካ ያዘችው፣ ሽቅብ አነሳ አደረገችው፣ በጉልበቷ ገፋ አድርጋ ሳበችው። በሩ ጠቅ ብሎ ገጠመ። ኔቪል በኋላ እንደነገረኝ እሱ ራሱ ያ በር እንዴት እንደሚዘጋ እስኪገባው ሦስት ሳምንት ፈጅቶበታል። ግሌኒስ እጇ አላመነታም። ከዚያ የመስኮቱን መዘውር ያዘች፣ አንድ ዙር ወደ ኋላ፣ ሁለት ወደ ፊት፤ መስታወቱ እያቃሰተ ወረደ። ክንዷን መስኮቱ ላይ አስደገፈች። ስልሳ ምናምን ዓመት የሞላት ሴት አልመስል አለችኝ።

ሌስሊ ሁለት እርምጃ ርቀት ላይ ነበር። ከውሳኔው በኋላ ያስጨበጡት ወርቅ እጁ ውስጥ ነው።

ግሌኒስ ወደ ማንም አላየችም። ከፊቷ ያለውን የተላጠ ክሩስኮት በመዳፏ ጠረግ አደረገችው።

"እሷ ናት" አለች።

ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ለእኛም አልነበረም። ግን ሜዳው ላይ ያለው ሰው ሁሉ ሰማው፤ ምክንያቱም ሁሉም ትንፋሹን ይዞ ነበር። ሌስሊ አርባ ዓመት የጠበቃት ሁለት ቃል መጣች፤ አድራሻውን ስታ አጠገቡ ባለው ቤት አረፈች። ፊቱን ማየት አቅቶኝ ጫማዬን አየሁ።

ቀና ስል ሌስሊ ከኔቪል ፊት ቆሟል። እጁን ዘረጋ። ሁላችንም ሊመታው ነው ብለን ደነገጥን፤ አንድ ሁለቱ ሊገላግሉ ተንቀሳቀሱ።

"ካቻቢቴህን" አለው።

ኔቪል ሰጠው። ሌስሊ ወደ ራሱ መኪና ሄደ፣ ያንን ጥልቅ ውሃ የመሰለ ኮፈን አነሳ፣ ካቻቢቴውን ከቁጥሯ ቆርቆሮ ሥር ሸጎጠና ፈነቀለ። የመጀመሪያው ሪቬት ሲበጠስ የተሰማው ድምፅ ትንሽ ነበር። ሁለተኛው ሲበጠስ ካቻቢቴው አንሸራቶት ቀለሙን ከዳር እስከ ዳር ጫረው። አንዲት ሴት ዓይኗን ሸፈነች። ከአባላቱ አንዱ፣ ሽማግሌ ሰው፣ ማጠፊያ ወንበሩ ላይ ተቀመጠና "አይ፣ አይ፣ አይ" ይል ጀመር፤ አደጋ ያየ ሰው እንደሚለው።

ሌስሊ ቆርቆሮዋን፣ ሊብሬውንና ወርቁን ይዞ ወደ ጠረጴዛዬ መጣ። አንድ በአንድ ደረደራቸው። ወርቁን ወደ ሚስስ ፔንሃሊጎን ገፋ። ቆርቆሮዋንና ሊብሬውን ወደ እኔ።

"አራት መቶ አሥራ ሰባትን ወደዚያኛዋ አዛውሪልኝ" አለኝ በአገጩ ወደ ኔቪል መኪና እያሳየ።

"ሌስሊ" አሉ ሚስስ ፔንሃሊጎን። "የምትሠራውን ታውቃለህ? ይህች ከተነቀለች ያንተዋ መኪና አይደለችም። መለዋወጫ ናት። መንገድ ላይ አትወጣም፣ መዝገብ ላይ የለችም፣ የትም የለችም።"

"አውቃለሁ።"

"ፈርጄልሃለሁ እኮ። አሸንፈሃል።"

"ሰምቻለሁ።"

"ዘጠና ዘጠኝ ተኩል፣ ሌስሊ። ከእኔ እጅ ማንም አግኝቶ አያውቅም።"

ሌስሊ ቆርቆሮዋን ይበልጥ ወደ እኔ ገፋት። ከኋላው አባላቱ ተሰብስበዋል። ቁጣ ያላቸውም፣ ልመና ያላቸውም አሉ፤ አብዛኞቹ ግን ፈዘው ያያሉ። ኔቪል መጥቶ አጠገቡ ቆመ። የመኪናውን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

"ቤንዚኗ አልቋል ማለት ይቻላል" አለው። "ሁለተኛ ማርሽ ላይ ደግሞ ስታስገባ አትቸኩል።"

"ሁለተኛዋ ድሮም እንደዚያው ናት" አለ ሌስሊ። ቁልፉን አነሳ።

"ቢያንስ" አሉ ሚስስ ፔንሃሊጎን፤ ድምፃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰበር ሰማሁት፤ "ቢያንስ ለእነዚህ ሰዎች ለምን እንዳደረግከው ንገራቸው። መብታቸው ነው። ሁላችንም ማወቅ አለብን።"

እኔም እስክሪብቶዬን አዘጋጀሁ።

"አልናገርም" አለ ሌስሊ፤ ቁልፉን ይዞ ግሌኒስ ወደተቀመጠችባት መኪና ሄደ።